በየትኛው «ሀ» ቆለፍሁት?

ኮምፒውተር የሌለው ሰው አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ የሚጠፋበት ፋይል የለውም። ፎቶግራፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ የሚያስታውሰውን ያስታውሳል፣ የረሳውንም በሰላም ረስቷል። ኮምፒውተር ያለው ሰው ግን ሁለት ፍርሃት ይዞ ይኖራል። አንደኛው «ቢጠፋብኝስ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሌላ ሰው ቢያገኘውስ?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ፍርሃት መድኀኒቱ ማባዛት ነው፤ ለሁለተኛው መቆለፍ። ሁለቱን መድኀኒት ባንድ ጊዜ የዋጠ ሰው ምን እንደሚሆን ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

ደባርቅ ውስጥ የቤት ፕላን በመሥራት ነው የምተዳደረው። ሳልስል መሠረት አላስቆፍርም፣ ሳልስል ግንብ አላስገነባም። ስለዚህ የቤተ ሰቡን ፎቶ፣ የደንበኞቼን ፕላንና ሌላውንም ሁሉ በየኮምፒውተሩና በየስልኩ ከተበታተነበት ሰብስቤ ባንድ ሣጥን ለማኖር ስነሣ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ትልቅ ወረቀት ዘርግቼ መሳል ነው። ሣጥኑ ሳሎን ጥግ፣ ከቁም ሣጥኑ ዐናት ላይ ይቀመጣል። በውስጡ ሁለት ዲስክ አለ፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ከሣጥኑ ሽቦ ወጥቶ ራውተሩ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ በነፋስ ወደ እኔ ኮምፒውተር፣ ወደ ባለቤቴ ላፕቶፕ፣ ወደ ስልኮቻችን ይሄዳል። ቀስት አለው፣ ቀለም አለው። ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ በኩራት አሳየኋት። ጥሩወርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምር ሴት ናት፤ በሥዕል በቀላሉ አትደነግጥም። ወረቀቱን አገላብጣ ካየችው በኋላ፣ ሽንት ቤቱን የት ልታደርገው ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ማኖሩስ ይሁን፣ መቆለፉ ለምን አስፈለገ? ትሉኝ ይሆናል፤ እሷም ብላኛለች። የግማሽ ደባርቅ ሰው ጓዳ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። የማን የጓሮ በር ወዴት እንደሚከፈት፣ የማን መኝታ ቤት መስኮት ዝቅ ብሎ እንደተሠራ የምናውቀው እኔና ባለቤቶቹ ብቻ ነን። ሌባ ገብቶ ሣጥኑን ቢያነሣው የከተማውን በር ሁሉ አነሣ ማለት አይደለም? ይህን ስላት ጥሩወርቅ ትንሽ አሰበችና፣ ግንበኞቼ ፕላኔን ማንበብ አቃታቸው ስል ዓመት ሙሉ እንደከረምሁ አስታወሰችኝ። ማንበብ የሚችል ሌባ ከመጣማ ይዘህ ቅጠረው አለች።

እኔ ግን ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ሣጥኑ የሚቀመጥበትን ሁሉ ወደማይነበብ ድብልቅልቅ የሚለውጥ ዓይነት ነው። ቃሉን ያልሰጠው ሰው ዲስኩን ፈልቅቆ ቢወስድ እንኳ የሚያገኘው የተፈጨ ነገር ነው። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ጌታውንም አያውቅም፤ ቃሉን እንደ አዲስ ይጠይቃል። ይህን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ። እኔንም የማያውቅ ዘበኛ አገኘሁ ብዬ ተደሰትሁ። ሰው በምን እንደሚደሰት አያችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልግባ። አማቴ መሪጌታ ላቀው ዳባት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ድምፃቸውን የሰማ ሰው መንገዱን ረስቶ ይቆማል። እኒህ ሰው ጥርሳቸውን ታመሙ። ጎንደር ሄደው ሲታዩ፣ ሐኪሙ የፊቱን ጥርስ በሙሉ ማውጣት የግድ ነው አላቸው። ጥርስ የሌለው ሰው እንጀራውን አርሶ ይበላል፤ ጥርስ የሌለው የዜማ መምህር ግን ምን ያደርጋል? «ሰ» ስትወጣ ነፋስ ይቀድማታል፣ «ጸ» መንገድ ላይ ትቀራለች። ጥሩወርቅ ይህን በሰማች ዕለት እራቷን አልበላችም። ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ድምፃቸው ይቀረጽ ብላ ለመነቻቸው።

እሳቸው መጀመሪያ እንቢ አሉ። ድምፄ በተማሪዎቼ አፍ አለ፣ ብረት ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል አሉ። ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው ዲያቆን ስንታየሁ ነው። ስንታየሁ እሳቸው ዘንድ ተምሮ የወጣ፣ ጢሙን ያቀመቀመ ጎልማሳ ነው። አገሩ መካነ ብርሃን ገብቶ የዜማ ትምህርት ቤት ሊከፍት ተነሥቷል። «የኔታ፣ ዳባት ድረስ መምጣት የማይችሉት ልጆች ድምፅዎን ሳይሰሙ ይቅሩ?» አላቸው። በዚህ ተረቱ።

ደባርቅ እኛ ቤት መጡና በስልኬ ቀረጽናቸው። ድምፁ እንዳያስተጋባ መኝታ ቤታችን ውስጥ የልብስ ቁም ሣጥኑን ከፍተን፣ ፊታቸውን ወደ ልብሱ አዙረው ተቀመጡ። ያን የመሰለ ዜማ ለእኔ ካፖርትና ለጥሩወርቅ ቀሚሶች አሰሙት። በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እያሉ ሲጨርሱ ሁሉንም ወደ አዲሱ ሣጥኔ አስገባሁና ከስልኩ ላይ ደመሰስሁት። ጥሩወርቅ ስልኩም ላይ ቢቀር ምን አለበት አለች። እኔም ወንበሬን አስተካክዬ ስለ ሁለቱ ዲስኮች አስረዳኋት። አንዱ ቢሞት አንዱ ይኖራል አልሁ። ሁለቱም ባንድ በር ውስጥ መሆናቸውን አላነሣሁም፤ ማን ጠየቀኝ?

የቀረው መቆለፊያው ቃል ነበር። ዐዋቂዎቹ አጭር ቃል አታድርግ፣ ረጅም ዐረፍተ ነገር አድርግ፣ ለአንተ የሚታወስ ለሌላው የማይገመት ይሁን፣ ደግሞም የትም አትጻፈው ይላሉ። እኔም በፊደላችን ላድርገው አልሁ። የዓለም ሌባ ሁሉ ቢሰበሰብ ፊደል ቆጥሮ አይመጣም። ዐረፍተ ነገሩን ከአማቴ የተሻለ ማን ይሰጠኛል? ከዳዊት አንድ መስመር ይስጡኝ አልኋቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝ። የእግዚአብሔርን ቃል የበር መቀርቀሪያ ልታደርገው ነው? ብለው ገሠጹኝ። ከዚያ ግን ማዘናቸው አልቀረም መሰል፣ በመዳፋቸው ጉንጫቸውን ደግፈው ትንሽ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦

«ሐኪም ጥርሴን ይወስዳል፤ ጸሎቴን፣ ኀይሌን፣ ዐይኔን ይተዋል።»

እንዴት ያለ ቃል ነው። እዚያው ፊታቸው ጻፍሁት። ስትጽፉት ሣጥኑ ፊደሉን አያሳያችሁም፤ ነጥብ ብቻ ይደረድራል። ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፣ ሁለቱ ተመሳሰሉለትና ተቀበለኝ። ቀጥሎ ምናልባት ቃሉን ብረሳ የምገባበት ረጅም የመጠባበቂያ ቁልፍ ሰጠኝና ደኅና ቦታ አስቀምጥ አለኝ። ደኅና ቦታ ምን እንደሆነ ለማወቅ መካሪ አላስፈለገኝም። ወዲያው አስቀመጥሁት።

መሪጌታ ጎንደር ሄደው ጥርሳቸውን ተነቀሉ። እኔ ቤት ሣጥኑ ከቁም ሣጥኑ ዐናት ላይ ሆኖ ጠግቦ እንደተኛ ድመት ያንኮራፋል። ፎቶ ባነሣሁ ጊዜ ስልኬ ላይ ሳይቆይ እዚያ ይገኛል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ስለ ሣጥኔ ሳይሰማ ውሃ አይጠጣም ነበር። ጎረቤቶቻችን ለምን መምጣት እንደቀነሱ በኋላ ነው የገባኝ።

አንድ ቀን ከሊማሊሞ ሽቅብ የመጣ የጭነት መኪና ከተማ ገብቶ ሲዞር የመብራት ምሰሶ ገጨ። ሰው አልተጎዳም፣ መብራት ግን ሰፈሩን ለቆ ሄደ። በማግስቱ ጧት ተመለሰ። ቡናዬን ይዤ ላፕቶፑን ከፈትሁ። ሣጥኑ ቃሉን ጠየቀኝ። «ሐኪም ጥርሴን ይወስዳል...» ብዬ ጻፍሁ። የተሳሳተ ቃል ነው አለኝ። ጣቴ ስቶ ይሆናል ብዬ ቀስ ብዬ ጻፍሁ። የተሳሳተ ነው አለኝ። ቡናዬን አስቀምጬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየጠራሁ ጻፍሁ። ሣጥኑ በዚህ ጊዜ ጥቂት ዐርፈህ ተመለስ አለና መጠየቂያውን ዘጋብኝ። የገዛ ቤቴ ውስጥ፣ የገዛ ዕቃዬ ወደ ውጭ አስወጣኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዐረፍተ ነገሩንማ መች ረሳሁት? የረሳሁት እንዴት እንደጻፍሁት ነው። ሐኪምን በየትኛው «ሀ» ጻፍሁት? ኀይልንስ? ጸሎትን በዚህኛው «ጸ» ወይስ በዚያኛው «ፀ»? እኔ እንደ ዘመኔ ሰው ፊደል ላይ አድልዎ የለብኝም፤ ሁሉንም «ሀ» በየተራ አሠራለሁ። ዛሬ በዚህ ከጻፍሁ ነገ በዚያ እጽፋለሁ። አንባቢ እንደሆነ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያነበዋል። ሣጥን ግን አያነብም። ሣጥን ይቆጥራል።

ጥሩወርቅ ፊቴን አይታ ምን ሆንህ አለችኝ። ነገርኋት። የመጠባበቂያው ቁልፍስ? አለች። ደኅና ቦታ ነው አልኋት። የት? አለች። ጣቴን ወደ ቁም ሣጥኑ ዐናት፣ ወደዚያው ወደ ተቆለፈው ሣጥን አነሣሁ። ባለቤቴ ስትቆጣ አትጮህም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችኝ። ብትጮህ እመርጥ ነበር። በመጨረሻ፣ «የአባቴ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም እኮ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ እንደዚህ አንጀቴ ውስጥ የገባ የለም።

ነገሩን የሚያከፋው፣ የዚያኑ ዕለት መሪጌታ ከዳባት፣ ዲያቆን ስንታየሁ ደግሞ ከመካነ ብርሃን እኛ ቤት ሊገናኙ ቀጠሮ ነበራቸው። ቅጂውን ለተማሪያቸው በእጃቸው ሊሰጡ ነው አመጣጣቸው።

መሪጌታ ቀድመው ደረሱ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። ወሬውን ማን ይንገራቸው? ጥሩወርቅ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔ ወደ ግድግዳው ተመለከትሁ። ግድግዳው ስላልተናገረ እኔው ነገርኋቸው።

«ተቆልፎ ነው ወይስ ጠፍቶ ነው?» አሉኝ።

«ተቆልፎ ነው፣ የኔታ።»

«ተቆልፎማ ከሆነ አለ። በል ቁጭ በልና ጻፍ።»

ሣጥኑ ኩርፊያውን ጨርሶ እንደገና መጠየቅ ጀምሮ ነበር። እሳቸው እያንዳንዱን ፊደል በስሙ ጠሩልኝ። ሐኪም በሐመሩ ሐ፣ ጸሎቴን በጸሎቱ ጸ፣ ኀይሌን በብዙኃኑ ኀ፣ ዐይኔን በዐይኑ ዐ። ያለ ጥርስ «ጸ»ዋ «ሰ» እየመሰለች ስታስቸግረኝ ደግመው ደጋግመው፣ በመቋሚያቸው ጫፍ ምንጣፉ ላይ እየሣሉ አሳዩኝ። አንድ ፊደል ሳላዛንፍ ጽፌ ላክሁት።

የተሳሳተ ቃል ነው አለ።

«ማን ነው ተሳስተሃል የሚለኝ?» አሉ መሪጌታ።

«ሣጥኑ ነው፣ የኔታ።»

«ማን ዘንድ ተምሮ ነው?»

ሰባኪ የሚያርሙ፣ ቄስ የሚያርሙ ሰው በብረት ቆርቆሮ ታረሙ። ትንሽ ተብሰለሰሉና ነገሩ በራላቸው። ያን ዕለት የጻፈው ማን ነው? አሉኝ። እኔ ነኝ አልኋቸው። «እንግዲያው እኔ እንዳልሁት አልተቆለፈም። አንተ እንደምትጽፈው ነው የተቆለፈ። በል እንደ ልማድህ አድርገህ ጻፈው» አሉኝ።

እንደ ልማዴ ልጻፍ? ይኸውላችሁ፣ ሰው ስሕተቱን ሲፈልገው አያገኘውም። ከመሪጌታ ፊት ተቀምጬ፣ የሐመሩን ሐ ገና በጆሮዬ ይዤ፣ እንዴት ነው ሳላስብ የምሳሳተው? ጣቴን ባነሣሁ ቁጥር ትክክለኛው ፊደል ይመጣብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ የኖረው ድንቁርና ባስፈለገኝ ሰዓት ጥሎኝ ጠፋ። ጥሩወርቅ ሊሆኑ የሚችሉትን አጻጻፎች ወረቀት ላይ ማስላት ጀምራ ነበር፤ ጥቂት ሄዳ እርሳሷን አስቀመጠች። በሣጥኑ ኩርፊያ ላይ ሁሉንም እንሞክር ብንል ዲያቆኑ እዚሁ ይሸብታል።

ጥሩወርቅ ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች፤ ሻይ ስታቀርብ ቆየችና እንዲያው በመንገዷ፣ «ስንታየሁ ስልክ አያነሣም፤ ኔትወርክ የሌለበት ሥፍራ ደርሶ ይሆናል። በስልክህ መልእክት ጻፍለት እስኪ» አለችኝ። ምን ብዬ? አልኋት፤ በልቤ አሁን የመልእክት ጊዜ ነው እንዴ እያልሁ። «አባቴ ከሐኪም ወዲህ ኀይላቸው ተመልሷል፣ ዐይናቸው መንገድ መንገድ እያየ ነው፣ ለጸሎት ሰዓት ድረስ በለው» አለችኝ። እያጉረመረምሁ ባንድ እጄ ጻፍሁት። ልልከው ስል ስልኩን ከእጄ ላይ ነጠቀችኝና ለአባቷ ሰጠቻቸው።

መሪጌታ ስልኩን ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው አርቀው አነበቡት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን የታመመ ሰው የጠየቁ ያስመስላቸው ነበር። ሀኪም። ሀይላቸው። አይናቸው። ፀሎት። አራቱንም አንድ ሳላስቀር ስቻለሁ። «ይህን ሁሉ ዘመን ልጄን አምኜ ሰጥቼህ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ጥሩወርቅ ግን ፊቷ በርቷል።

«በል እንዲሁ አድርገህ ጻፍ» አለችኝ።

እንዲያ አድርጌ ጻፍሁ። የተሳሳተ ነው አለ። ጥሩወርቅ ዐይኗን ጨፈነች። መሪጌታ ግን እየገባቸው መጥቷል፤ ሰው ድንቁርናንም ሲያጠናው ሥርዐት ያገኝለታል። ወደ መስኮቱ ዘወር ብለው ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ ሊማሊሞን የሚወርዱት መኪኖች ኋላቸው ላይ «የእግዚአብሔር ሃይል» ብለው ሲጽፉ በየትኛው ነው የሚጽፉት? አሉ። በሃሌታው ሀ ነው፣ ያውም በራብዑ፤ «ሃ» ብለው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ሃይሌን ብለህ በዚያ ጻፈው» አሉኝ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ተሳሳት ብለው ማዘዛቸው መጀመሪያቸው ነው።

ጻፍሁ። ሣጥኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ተከፈተ።

ጥሩወርቅ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች፤ ይቅር ማለቷ ይሁን መደገፊያ ፈልጋ አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁም። ከፋይሉ አንዱን ነካሁት። የመሪጌታ ድምፅ፣ ያ ጥርስ የነበረው ድምፅ፣ ቤቱን ሞላው። እሳቸው መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን ጥለው አደመጡ። «ሰ»ዋ ጥርት ብላ፣ «ጸ»ዋ ጠብቃ ስትወጣ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አያወጡም። ሲያልቅ፣ «ጥርሴ መልካም ተማሪ ነበር» አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱት።

ዲያቆን ስንታየሁ አቧራ ለብሶ ሲደርስ ያገኘን እንዲህ ተቀምጠን ነው። ምን እንደደረሰ አልነገርነውም። ቅጂውን በፍላሽ ጫንሁለት፤ ጥሩወርቅ ሌላ ቅጂ ለራሷ አስጫነች፣ ሦስተኛውን አባቷ ቦርሳ ውስጥ ከተተች፤ ሁሉም ያለ ቁልፍ። እኔም የሌባውን ነገር ማንሣት ተውሁ። ስንታየሁ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ሲያደርገው፣ መሪጌታ እጁን ይዘው፣ ልጆቹን በዚህ ጥርስ አስተምራቸው፣ ባሁኑ አፌ እንዳይሰሙኝ አሉት። እሱ ግን፣ የኔታ፣ ባሁኑም ይምጡና ያስተምሩልን አለ። ደስ እንዳላቸው አልተደበቀም።

ተሰነባብተን ሊሄዱ ሲሉ መሪጌታ በር ላይ ቆመው ተመለሱ። የሣጥኑ ነገር አላለቀላቸውም። በእኔ ዐረፍተ ነገር ላይ እንዲህ ያለ ነውር ተጽፎ አይኖርም፣ አሁኑኑ አቅናው አሉኝ። ሣጥኑ እንደሆነ የሚያየው የለም ብል አልሰማ አሉ። ቁጭ ብዬ ቃሉን ቀየርሁት። የሐመሩ ሐ፣ የጸሎቱ ጸ፣ የብዙኃኑ ኀ፣ የዐይኑ ዐ፣ እያንዳንዱን ጠርተው፣ በየቃሉ መካከል ያለውን ክፍተት ሳይቀር አስተካክለው፣ እስኪቀበለው ድረስ አጠገቤ ቆመው አስጻፉኝ። ያን ዕለት ማታ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ነገር በየቦታው ነበረ፤ ፊደሉም ጭምር።

በቅርቡ ለሥራ ዳባት ወረድሁና አማቴን ሳልሳለም እንዳላልፍ ወደ ትምህርት ቤታቸው ጎራ አልሁ። ከርቀት ተማሪዎቹ ባንድ ድምፅ ሲሉ ሰማኋቸው፤ «ሐኪም፣ በሐመሩ ሐ፤ ጸሎቴን፣ በጸሎቱ ጸ...» እግሬ መንገዱ ላይ ቀረ። መሪጌታ ዐረፍተ ነገሩ አንድ ዐይነት ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ለማስለየት እንደተፈጠረ ሆኖ አግኝተውት፣ ለተማሪው ሁሉ በዜማ አስይዘውታል። የጨረሱት ደግሞ ወደየአገራቸው ይዘውት ሄደዋል፤ ስንታየሁም መካነ ብርሃን ላይ እያስተማረበት ነው ብለው በደስታ አጫወቱኝ።

እንግዲህ የግማሽ ደባርቅን ጓዳ የሚከፍተው ቃል ከዳባት እስከ መካነ ብርሃን በልጆች አፍ እየተዜመ ነው። ታዲያ ቀይረው እንጂ፣ ትሉኝ ይሆናል። ሣጥኑ ቃሉን ለመቀየር አስቀድሞ የድሮውን አስተካክለህ ጻፍ ይላል፤ እኔም ዳባት የሰማሁት ፊደል ደባርቅ ስደርስ ሁሉ ስለተደባለቀብኝ፣ እስካሁን የሚያስጽፈኝ አንድ ተማሪ ወደ ደባርቅ የሚመጣበትን ቀን እየጠበቅሁ ነው።